የሶፋ ሠሪው ሙታንታ

ሶፋ ሠሪው የገዛ ሙታንታውን ማጠብ ጀመረ። እና ምን ይጠበስ የሚል ካለ ሰውየውን ስለማያውቀው ነው። በትዳር ዘመኑ ሁሉ መሐረብ እንኳ አጥቦ አያውቅም። ካልሲው አንዱ ከአልጋ ሥር አንዱ ከበር ኋላ የሚገኝ፣ ሸሚዙ ላይ ሻይ ሲፈስበት ሚስቱ መጥታ እስክታወልቅለት እጁን ዘርግቶ የሚቆም ሰው ነው። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት፣ ቤተሰቡ ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ፣ በማንቆርቆሪያ ውሃ ያፈላና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከውስጥ ይቆልፋል። ከዚያ ፈተግ ፈተግ፣ ቆም፤ እንደገና ፈተግ ፈተግ። ሲወጣ እጁ ቀልቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ ነው። የታጠበውንም ገመድ ላይ አያሰጣውም፤ በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ሥራ ቦታው ይዞት ይሄዳል።

ሚስቱ አልጋዋ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። እሷ ደግሞ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ጸጉሯን ያሸበተች ሴት ናት። ሥራ ቦታ "በረኪና" ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፋ ነበር፤ በኋላ ስሙ አልላቀቅ ሲላት ራሷም ስልክ ስታነሳ "በረኪና ነኝ" ማለት ጀመረች። የአልጋ ልብስ ዘርግታ አንዴ ካየች የተኛበት ሰው ምን እንደጠጣ፣ ታሞ ከሆነም የቱ ጋ እንዳመመው ትናገራለች። ወይን ጠጁን ከደም፣ ደሙን ከዝገት፣ ዝገቱን ከመድኃኒት ለይታ ታውቃለች። እንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ የማታውቀውን ሰው እድፍ ስታጥብ የኖረች ሴት የገዛ ባሏን እድፍ ተከለከለች። ያንገበገባት ይኸው ነው።

ነገሩ በሙታንታ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። በሙጫና በስፖንጅ ሽታ የኖረው ሰውዬ ሽቶ መቀባት ጀምሯል፤ ያውም መንገድ ዳር የሚሸጠውን ርካሹን ሳይሆን፣ አንዷ ጠርሙስ የቤቱን የሳምንት አስቤዛ የምትበላውን ዓይነት። ከመኝታቸውም ከተለየ ሰነባብቷል። መጀመሪያ "ሳል ይዞኛል፣ እንቅልፍ እነሳሻለሁ" ብሎ ሳሎን ወጣ፤ ሳሉን ግን ማንም አልሰማውም። በኋላ ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ለመታረስ ከነባሏ ወደ እናቷ ቤት ስትመጣ ሰበቡ ከሰማይ ወረደለት፤ "አራሷ ከእናቷ ጋር ትተኛ፣ እኔ ሶፋዬ ይበቃኛል" አለና እዚያው ቀረ። በረኪና ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው ብቻ ተናግራ ነበር፤ ሥራ ቦታ ካውያ ለምታደርገው ጓደኛዋ። የካውያዋ ሴት ካውያውን እንኳ ሳታስቀምጥ ፈረደች። "እቱ፣ ወንድ ልጅ ሽቶ ተቀብቶ የገዛ ሙታንታውን ካጠበ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? ተከትለሽ ድረሺባት!" በረኪናም ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ስታስብ ከረመች። ባሌን ልነጠቅ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ባሌን ላጣው ነው። ዛሬ ከሥራ አስፈቅዳ የቀረችው አንድም ሕፃኑን ወደ ክሊኒክ ለመውሰድ፣ አንድም ከዚያ መልስ ባሏ ሥራ ቦታ ድንገት ከች ብላ ሴትዮዋን በዓይኗ ለማየት ነው።

ሳሎኑ ጠዋቱን ሞቅ ብሎ ነበር። ትልቁ ሶፋ ላይ፣ ባሏ ሌሊቱን የተኛበት ብርድ ልብስ ተጣጥፎ በተቀመጠበት ጥግ፣ የልጇ ባል የአማቿ አክስት ተደላድላለች። ይህች አክስት አማቿን ከሕፃንነቱ ጀምራ ያሳደገች፣ ለሚስቱም ለልጁም እኔ ነኝ አዛዥ የምትል፣ ሰው ቤት ገብታ የሰው መጋረጃ የምታስተካክል ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ አፏ ግን ከልቧ ይቀድማል። መጀመሪያ የዳይፐር ዋጋ አማረረች፤ በዚህ ሂሳብ ልጅ ከማሳደግ መኪና ማሳደግ ይቀላል አለች። ቀጥሎ የአራሷን ፊት አይታ ከስተሻል አለች፤ ሕፃኑን አገላብጣ አየችና ቢጫ ቢጫ ብሏል አለች። በመጨረሻም ወደ መጣችበት ጉዳይ ገባች፤ ልጁ ዛሬ ክሊኒክ ሄዶ እንዲገረዝ።

አማቿ ሕፃኑን እንደ እንቁላል ታቅፎ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ዝም ያለ፣ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ሲያነብ የሚያመሽ፣ ያነበበውን ደግሞ ለመናገር ድፍረት የሚያጥረው ልጅ ነው። ዛሬ ግን ደፈረ። "እኔ እንጃ አክስቴ። ልጁ ራሱ ሳይጠየቅ አካሉ ለምን ይቆረጣል? ሲያድግ ራሱ ይወስን" አለ።

አክስት በሳቅ ልትሞት ሆነ። "ሲያድግ ይወስን! ወይ ጉድ! እንግዲህ ሸለፈታም ልታሳድግልን ነዋ! ሚስት ሲፈልግስ ማን ልጁን ይሰጠዋል? ሽታው ገና ከሩቅ እየተጣራ!" አለች፤ አራሷም ሳትወድ በግድ ሳቀች፣ አማቿም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። በዚህ መካከል የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተና ዛሬ ያረፈደው ሶፋ ሠሪው የቀላ እጁን በሱሪው እያደረቀ ብቅ አለ። የተባለውን ሰምቷል። ለአፍታ እዚያው በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ሳቀ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹ ጨርሰው እንኳ እሱ ትንሽ ቀጠለ።

ያን ሳቅ በረኪና ብቻ ናት የምታውቀው። እዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ ባሏ ያልተገረዘ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናትና። ከእሱ በፊት የተወለደው ወንድሙ በመንደሩ ገራዥ ምላጭ ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ በእናቱ ጭን ላይ ሞተ፤ እናትየው ታዲያ ሁለተኛውን ልጄን ስለት አይነካውም ብላ ማለች፣ መሐላዋንም ጠበቀች። ልጁ ግን የእናቱን ሐዘን ሲከፍል አደገ። ከእኩዮቹ ጋር ገላውን ታጥቦ አያውቅም። አንድ ቀን የትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ሱሪውን ገፈው፣ አሁን አክስት የጠራችውን ያንኑ ቃል በዜማ እየደጋገሙ ግቢውን አዙረውታል። ይህን ሁሉ የነገራት በሠርጋቸው ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጦ ነው። "ለእናትሽም ለእህትሽም እንዳትነግሪብኝ" አላት። "ምላሴ ይቆረጥ" አለችው፤ እስከዛሬም ለነፍስ አባት እንኳ አልተነፈሰችም። አሁን ታዲያ በእልህ ስትንገበገብ የከረመችበት ሰው በገዛ ሳሎኑ ላይ ሲሰደብና ሲስቅ ስታየው ተናደደችበትም፣ አዘነችለትም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ራሷም አላወቀችም።

"ልጁን ውሰዱት" አለ ሶፋ ሠሪው የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ፌስታሉን ብብቱ ሥር እየሸጎጠ። "ሐኪም የሚለውን ስሙ።"

ሲወጣ የሽቶው ሽታ ሳሎኑ ውስጥ ቀረ። አክስት አየሩን አሸተተችና ዓይኗን ጠቀሰች። "ጋሼ ደግሞ የልጅ ልጅ ሲያዩ እንደገና ጎረመሱ መሰለኝ!" ሁሉም ሳቁ። በረኪና ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።

ክሊኒኩ ጠባብ ደረጃ ወጥቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ግድግዳው ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ተደርድረዋል፤ አንዷ የክትባት ቀን አልፎብኝ ይቆጡኝ ይሆን ስትል ትጨነቃለች፣ ሌላዋ የልጇን ጫማ አንዱን ጥላው ወንበር ሥር ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች። በረኪና የአግዳሚው መሸፈኛ ጨርቅ ላይ ያለውን እድፍ አየችና ሐሳቧን ልትረሳ ሞከረች፤ አዮዲን ነው፣ እሱ አይለቅም። ልጇ ትከሻዋ ላይ ደገፍ አለች። "እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ? ከአባዬ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?" አለቻት። "ማን ከማን ጋር?" አለች በረኪና፤ ወሬው በዚሁ ተዘጋ። እናትና ልጅ ሲተዋወቁ እንዲህ ናቸው፤ አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ በጥያቄ ትመልሳለች፣ ከዚያ ሁለቱም ሕፃኑን ያያሉ።

ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ድምፅዋ የደከመ፣ እጇ ግን ሕፃን ሲይዝ የማይሳሳት ሴት ነበረች። ሕፃኑን አገላብጣ አየችው፤ የዓይኑን ነጭ ገለጥ አድርጋ ተመለከተች። አክስት ያለችው እውነት ነበር፤ ትንሽ ቢጫ ብሏል። "ዛሬ አይገረዝም" አለች። "ጡት በደንብ ይጥባ፣ ነገ ደሙን እናያለን። የሚያስቸኩል ነገር የለም። እስከዚያ እናንተም ተመካከሩ።"

አማቿ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዶክተር፣ እኔ እንኳ ግዴታ ነው ወይ ብዬ ነበር።"

"ግዴታ አይደለም። ይገረዝ ብትሉ ትንሽ የመድማት፣ ትንሽ የማመርቀዝ ስጋት አለው፤ በሠለጠነ እጅና በንጹሕ መሣሪያ ከሆነ ግን እምብዛም አይገጥምም። ይቅር ብትሉም በጤና ያድጋል፤ ንጽሕናውን መጠበቅ ታስተምሩታላችሁ።"

"ካንሰር ይከላከላል የሚሉትስ?"

"እውነት ነው፤ በልኩ ግን። የወንድ ብልት ካንሰር ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ አይደለም። በሕፃንነታቸው የተገረዙት ላይ ደግሞ ከሌላው በጣም ባነሰ ነው የሚታየው። ያልተገረዘ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ቆዳው ጠቦ ወደ ኋላ አልመለስ ያለ፣ ከሥሩ በደንብ የማይጸዳ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ በግንኙነት የሚተላለፈው ቫይረስ የያዘው፣ እነዚህ ላይ ነው ስጋቱ የሚጨምረው።" ሐኪሟ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "እኔን ግን የሚያበሳጨኝ ምን መሰለህ? ሰዎቹ አይመጡም። ትንሽ ቁስል ሆና ስትጀምር በቀላሉ የምትነሳውን፣ አፍረው ይደብቋታል። ደሙን ተደብቀው ያጥባሉ። ከሚስታቸው መኝታ ይለያሉ። ሽታውን በሽቶ ይሸፍናሉ። እዚህ ክፍል ሲገቡ እኮ ከእነሱ ቀድሞ ሽቷቸው ነው የሚደርሰው።"

በረኪና የተቀመጠችበትን ወንበር ክንድ ያዘች። መጀመሪያ የተሰማት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ደስታ ነው። ሴት የለችም። ያቺ ሌት ተቀን ጸጉሯን ስትነጭላት፣ ልብሷን ስትቀድባት የከረመችው ሴት የለችም፣ ኖራም አታውቅም። ደስታው ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየም። የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ የተቆለፈው በር፣ የገረጣው ፊት፣ አንድ በአንድ ተመልሰው መጡባት። የሰው እድፍ አንብባ የማትሳሳተው ሴት የገዛ ቤቷን እድፍ ወደ ሌላ ተርጉማ ወራት አሳልፋለች። ስንት ጠዋት አልጋዋ ላይ ሆና ረግማዋለች!

"ዶክተር" አለች። "ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል?"

"ቶሎ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፣ እናቴ። የታመመውን ብቻ እናነሳለን። ከዘገየ ብልቱን እስከመቁረጥ ያደርሳል። ወደ ብሽሽት እጢዎች ከተሻገረ ደግሞ ይከብዳል።"

ልጇ ዞር ብላ አየቻት። "ለማን ነው እማዬ?"

"ሥራ ቦታ... የካውያዋ ሴት ባል ታሞ ነው" አለች በረኪና። ምስኪኗ የካውያዋ ሴት ባል የላትም። ሐኪሟ ግን ሕፃኑ ተጠቅልሎ ባልና ሚስቱ ወደ ደረጃው ሲወጡ በረኪናን ክርኗን ይዛ አስቀረቻት። "ያ ሰውዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይዘውት ይምጡ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ነኝ፤ ራሴ ለቀዶ ሐኪሙ አሳየዋለሁ። አንድም የሚስቅበት ሰው የለም። ግን አንድ ቀን እንኳ አይደር።"

የሶፋ ሠሪው ሥራ ቦታ አንድ ሰፊ መንገድ ከአንድ ጠባብ መንገድ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ያለ፣ ከፊቱ ሁልጊዜ ሆዱ የተቀደደ ወንበር የማይጠፋበት ቤት ነው። በረኪና ስትደርስ ባሏ የአንድ ትልቅ ሶፋ መደገፊያ ላይ ጨርቅ ወጥሮ በሚስማር ይመታል፤ ቆሞ ነው የሚሠራው። ግድግዳው ሥር ስፖንጅ ተከምሯል፣ የስፕሪንግ ጥቅልሎች ተንጠልጥለዋል፣ ከኋላ በኩል በተዘረጋች ሽቦ ላይ ደግሞ ሙታንታዎቹ ተሰጥተዋል። ሴት የሚባል ነገር የለም። ዓይኗ ግን ከሁሉም በላይ ያረፈው እሱ በሚቀመጥባት ዱካ ላይ ነው። ዱካዋ ላይ ወፍራም ስፖንጅ አድርጎ፣ የስፖንጁን መሐል ከፊት በኩል በቢላዋ ጎድጉዶ አውጥቶታል፤ ሲቀመጥ የሚያመውን ቦታ እንዳይነካው። የሰው ሁሉ መቀመጫ ሲያመቻች የኖረ ሰው ለራሱ ደግሞ ለሕመሙ የሚሆን መቀመጫ ሠርቷል። ይህን ስታይ በረኪና እንባዋ መጣ።

"ምነው? ሕፃኑ ምን ሆነ?" አለ ባሏ መዶሻውን አስቀምጦ።

"ሕፃኑ ደኅና ነው። በሩን ዝጋና አሳየኝ።"

"ምኑን ነው የማሳይሽ?"

"ታውቀዋለህ።"

ሰውየው እጁን በመጥረጊያ ጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ፤ የተጠረገውን እንደገና ጠረገ። ከዚያ ሄዶ የቆርቆሮውን በር አወረደው። ቤቱ ጨለም አለ፤ በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን የስፖንጅ ብናኙን ያሳያል። "ማን ነገረሽ?" አለ።

"ማንም። እኔ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር።"

"ሴት?" ሶፋ ሠሪው ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ ሳቅ ያዘው። የጠዋቱ ዓይነት አልነበረም፤ የድሮ ሳቁ ነው፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። "ሴት! አንቺ ሴትዮ አብደሻል? በዚህ በሪህ ጉልበቴ?" ሳቁ ቀስ ብሎ መልኩን ለወጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ሴት ብትሆን ይሻል ነበር አይደል?"

"ይሻል ነበር" አለች በረኪና። "ሴት ብትሆን ሄጄ ጸጉሯን ነጭቼ እመለስ ነበር።"

አሳያት። በረኪና ብዙ አይታለች፤ የታመመ ሰው የተኛባቸውን አንሶላዎች ከእጇ አሳልፋለች፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን በዓይኗ አላየችም። ፊቷን አላዞረችም። ቆዳው ከዓመታት በፊት ጀምሮ እየጠበበ ወደ ኋላ አልመለስ እንዳለው፣ ቁስሉ መጀመሪያ እንደ ኪንታሮት ሆኖ እንደወጣ፣ መድኃኒት ቤት እየገባ "ለጓደኛዬ ነው" እያለ ቅባት ሲገዛ እንደከረመ፣ ቅባቱ አንድም ቀን እንዳልረዳው ሱሪውን እየታጠቀ ነገራት። ልጃቸው ገና ሳታረግዝ የጀመረ ነገር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ፣ ስለ ሶፋ ጨርቅ መወደድ ሲያማርር ነበር።

"ሐኪሟ ነገ ጠዋት አምጪው ብላለች።"

"አልሄድም።"

"ቶሎ ከሆነ ይድናል ብላለች።"

"አልሄድም አልኩሽ። በዚህ ዕድሜዬ ሱሪዬን አውልቄ ሰው ፊት አልቆምም። አንዴ አውልቀውኛል። ነርሷ ታያለች፣ ጽዳቷ ትሰማለች፣ ከዚያ ያቺ ሴትዮ ትሰማለች። ጠዋት ቤቴ ውስጥ ያለችውን ሰምተሻል። አማቼ ሰምቶ ስቋል። ልጄ ስቃለች። እኔም ስቄአለሁ።" መዶሻውን አነሳ። "ይህን ሶፋ ለቅዳሜ ነው የሚፈልጉት።"

በረኪና ለልጇ አንድ ቃል ብትተነፍስ ነገ ጎትተው እንደሚወስዱት ታውቃለች፤ ግን ምላሴ ይቆረጥ ብላለች። ያን ቃል ይዛ ነው ከዚህ ሰው ጋር ያረጀችው፤ ከቀለበቱም ይልቅ ያጋባቸው እሱ ነው። ብትሰብረው ሰውየው ይተርፍ ይሆናል፣ ቀና ብሎ ግን አያያትም። ብትጠብቀው ደግሞ ይሞትባታል። የቆርቆሮውን በር ለማንሳት ጎንበስ አለችና መለስ አለች። "ቃሌን አላፈርስም" አለችው። "ለማንም አልናገርም። ግን አንተ ካልተናገርክ ቃሌን ጠብቄ ልቅበርህ ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ።" ስትወጣ የመዶሻው ድምፅ አልተሰማም፤ መንገዱን እስክትሻገር ጆሮዋን ጥላ ነበር።

አመሻሽ ላይ ቤቱ እንደ ጠዋቱ ሞልቶ ጠበቃት። አክስት አልሄደችም። ልጁ ሳይገረዝ መመለሱን ስትሰማ አማቿን ቁም ስቅሉን ስታሳየው ነው የዋለችው። በረኪና ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች፤ ሽንኩርት ይዞ ማልቀስ ማንንም አያስደነግጥም። የውጭው በር ሲከፈት የባሏን እርምጃ ለየችው። ዛሬ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ነው የመጣው። ሽቶው ግን አልቀደመውም። ቢላዋዋን አስቀምጣ በሩ ላይ ወጣች።

ሶፋ ሠሪው ፌስታሉን እንደያዘ ሳሎኑ መሐል ቆሟል። አክስት ምስክር ስለተገኘላት ደስ ብሏታል። "ይኸው ጋሼ መጡ! እስቲ እርስዎ ይምከሩት። ቢጫ ነው፣ ነገ ነው፣ እንመካከር ነው እያለ ልጁን ሸለፈታም ሊያደርገው እኮ ነው!" አለች። ስቃ ጨረሰችና የሱን ሳቅ ጠበቀች።

አልሳቀም። ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ሚስቱን አያት።

"ሸለፈታሙ እኔ ነኝ" አለ።

ማንም አልገባውም። አማቿ ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። ሶፋ ሠሪው ቀስ እያለ፣ እንደ ከባድ ዕቃ አንድ በአንድ እያወረደ ተናገረ። እናቱ ስለምን እንዳላስገረዘችው ተናገረ። ታምሜአለሁ አለ፤ የት እንደታመመም በስሙ ጠርቶ ተናገረ። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም የሚለውንም አልደበቀም። "ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቃል ፈርቼ ኖርኩ። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ቤቴ ውስጥ ስትይው፣ አትቀየሚኝ እህቴ፣ ያን ቃል ከምሰማ ሞቴን መርጬ ነው የወጣሁት። አንቺ ምን ታውቂ።" አክስት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ልቧን ጠበቀው። አራሷ "አባዬ" ብላ ተነሳች፤ እሱ ግን በእጁ መልሶ አስቀመጣት፤ መጨረስ ፈልጓል።

"አንተ ልጄ" አለው አማቹን። "አስገርዘው፣ አታስገርዘው፤ ከሚስትህና ከሐኪሟ ጋር ሆናችሁ የምትወስኑት ነው። ሐኪም ብሆን አስገርዘው እልህ ነበር፤ ወንድሜን የቀበረችው እናቴ ብሆን ደግሞ አትንካው እልህ ነበር። እኔ የምለምንህ ሌላ ነው። ምንም ሆኖ ይደግ፣ ያመመው ቀን መጥቶ እንዲነግርህ አድርገህ አሳድገው። ሰው እየሳቀ እንዳይሞትብህ።"

አማቿ ሕፃኑን እንደታቀፈ ራሱን ነቀነቀ፤ እንባው የሕፃኑ መጠቅለያ ላይ ይንጠባጠባል። አክስት ከሶፋው ተነሳች፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት የተጣጠፈውን ብርድ ልብስ አንስታ እንደገና አጣጠፈችው። "ጋሼ፣ እኔ..." አለች፤ ቀሪውን አልቻለችም። "ነገ ጠዋት ከእናታችሁ ጋር ሆስፒታል እሄዳለሁ" አለ ሶፋ ሠሪው፤ "ሶፋው ቅዳሜ አይደርስም።"

ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ። በረኪና ተከተለችው። በሩን አልዘጋውም። ሳፋው ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው፤ ባሏ ፌስታሉን ዘረጋላት፣ ዓይኑን ግን ወለሉ ላይ አድርጎ። በረኪና ፌስታሉን ፈታች፤ አንዱን ሙታንታ አውጥታ አምፖሉ ሥር ዘረጋችው። እድፉ ቡናማ ሆኖ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ጨርቁ በፍተጋ ሳስቷል። አገላብጣ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አንሶላ እንዳየችበት ዓይን አየችው።

"በምንድን ነው ስታጥበው የከረምከው?"

"በፈላ ውሃ ነዋ። እንዲለቅልኝ ብዬ።"

"ደም በፈላ ውሃ?" ድምፅዋ ተሰበረ። "ሙቅ ሲነካው እኮ ጨርቁ ላይ ይበስላል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አያስለቅቀውም። ደም ሳይቆይ፣ በቀዝቃዛ ነው።"

"እኔ ምን አውቄ" አለ ሶፋ ሠሪው።

"እኔ አውቅ ነበር" አለችውና ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፈተች።